ጣናን ከጀልባ ላይ፦ የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ 23 አባላት ነበሩት። ያለን ካሜራ ሁለት ነው፤ የቀረው ሁሉ በስልክ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግቢያችንና በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ አለፉ። የዓመቱ ትልቁ ሥራ ግን የጣናን ዳርቻ ከምትሄድ ጀልባ ላይ ማንሳት ነበር። በኅዳር፣ በየካቲትና በሚያዝያ ሦስት ጊዜ ወደ ዘጌ ተጓዝን።

የኅዳሩ ጉዞ አሳዘነን። ልጆቹ ከ600 በላይ ፎቶ ይዘው ተመለሱ። ሰኞ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው አብዛኛው ብዥ ያለ ነው። ያ ሁሉ የዘጌ ጫካ አረንጓዴ ጭስ መስሏል። ጥፋቱ የኔ ነበር። ክፍል ውስጥ «እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉ» ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ። መሬት ላይ ልክ ነው። ጀልባ ላይ ግን የሞተሩ ንዝረት በጠርዙ አልፎ፣ በክርን በኩል ካሜራው ድረስ ይዘልቃል። ልጆቹ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት።

በየካቲት ጠርዙን መንካት ቀረ። ሁሉም ላይፍ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል፤ ባለጀልባው ሲፈቅድ አንድ ልጅ ብቻ መሐል ላይ ይቆማል። ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ ክርን ከጎን ጋር ይጣበቃል። ጀልባዋ ስትወዛወዝ እግር ይታዘዛል እንጂ ደረት አይከተልም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ምንም ሳትነቃነቅ ስታነሳ አይቼ እንዴት እንደቻለች ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ የሞሉ ስኒዎች በትሪ ይዤ ለእንግዳ እንደማቀርብ አድርጌ ነው የቆምኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም የማስረዳው በሷ አባባል ሆነ።

የማስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ ሒሳቡንም ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ጀልባዋ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በሰከንድ 5 ሜትር ትጓዛለች። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ለ1/50 ሰከንድ ከተከፈተ በዚያች ቅጽበት 10 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሰናል። 1/1000 ላይ ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሩቅ ላለ ኮረብታ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። አጠገባችን ላለ ደንገል ግን ሁሉ ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ዳር በተጠጋን ቁጥር የሹተሩን ፍጥነት እንጨምራለን። በስልክ የሚያነሱት ደግሞ ዙም ማድረግ ተዉ፤ ምስሉ ሲጎላ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ጣታቸውን ሳያነሱ በተከታታይ አሥር ያህል አንስተው አንዷን ይመርጣሉ።

ብርሃኑ የጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ስንነሳ ፀሐይዋ ከኋላችን ሆና የዘጌን ዳርቻ ፊት ለፊት ታበራዋለች። ውሃውም ገና ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ሞገዱም ይከብዳል። ደግሞ ውሃው ሲያብረቀርቅ ካሜራው ይሸወድና ዛፉን ያጨልመዋል። ብርሃኑን ከዛፉ ላይ መለካት አለብን። የሚረጨውን ውሃ ከሌንስ ላይ ለመጥረግ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ይዘን ነበር፤ በጣም ጠቀመን።

ዳርቻው አይጠብቅም። ያየነውን ለማንሳት ስንሰናዳ አልፎናል። በሚያዝያ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከፊት ተቀምጦ «በቀኝ! ታንኳ!» እያለ ይጣራ ጀመር፤ ሌሎቹ ቀድመው ይዘጋጃሉ። እንዲህ ሆነው ያነሱት ፎቶ የዓመቱ ምርጣችን ነው። እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ወደኛ አንስቷል፤ ጫፉ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጠብታዋ ሳትቀር ጥርት ብላ ትታያለች።

ያን ዕለት የኮራሁት ግን በሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ከሩቅ እንዳዩት ለባለጀልባው «ጋሼ፣ ሞተሩን ቀነስ ያድርጉት፤ ሞገዱ ታንኳውን ያናውጠዋል» አሉት። ቀነሰላቸው። ሰላምታ ሰጡ፣ ካሜራቸውን አሳዩ፣ ሰውየው መቅዘፊያውን ሲያነሳላቸው ነው ያነሱት። ለአንድ ፎቶ ሲባል የሰው ጭነት ውሃ ውስጥ ቢገባ ፎቶው ለኔ ምንም አይደለም።

ለወላጆች ቀን 18 ፎቶ አትመን ሰቀልን። ብዙ ወላጆች ከፎቶዎቹ ፊት ቆመው ስለ እምቦጭ ጠየቁን። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ብዙ የወረረው የሰሜን ምሥራቁን ዳር ነው። እኛ በምንሄድበት መስመር ፎቶዎቻችን ላይ ያለው ደንገል ነው። ይህን ደንገል በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ማንሳት አለብን ብዬ አምናለሁ። ሲሳሳ ወይም ሲበዛ በዓይን እንዲታይ።

ለዚህም በዘጌ መንገድ ላይ ሦስት ቦታዎች መርጠናል። ከየትኛው ዛፍ ትይዩ እንደሆንን፣ ሰዓቱንና የሹተሩን ፍጥነት የጻፍንበት ደብተር በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ከካሜራዎቹ ጋር ተቀምጧል። በኅዳር ስንመለስ መጀመሪያ የምንከፍተው እሱን ነው።