ይድረስ ለአባባ፦ ኪሎ ስለ መውጣትና ስለ መውረድ

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የደሴ ብርድ ለጉልበት ክፉ ነውና ማታ ማታ ጋቢዎን አይለዩ። እኛ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ወረቀት ያነሳሁት ባለፈው በስልክ ያነሱልኝ ነገር በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። «ልጁ 60 ኪሎ ነው፤ አሰልጣኙ ለቦክስ ውድድሩ ወደ 57 ውረድ ይለዋል። ያ የፊሊፒንሱ ቦክሰኛ በስምንት ኪሎ አሸንፎ የለም እንዴ፣ ምን ችግር አለው?» ብለውኛል። ሰውዬው ማኒ ፓኪያው ነው፤ በስምንት የክብደት ምድብ ሻምፒዮን የሆነ ከእሱ ሌላ የለም። ግን አባባ፣ እሱ በስምንቱ ያለፈው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ልጁን የሚያዙት ወደ ታች ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልዎ። ፓኪያው በ1995 በ16 ዓመቱ ሲጀምር 48 ኪሎ ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 1998 ታይላንድ ሄዶ ቻትቻይ ሳሳኩልን በስምንተኛው ዙር በዝረራ ጥሎ ፍላይዌት የሚባለውን ምድብ የሻምፒዮን ቀበቶ ወሰደ፤ የዚያ ምድብ ጣሪያ 50.8 ኪሎ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 1999፣ ያንኑ ኪሎ መውረድ አቃተው። ቀበቶውን ገና ሚዛን ላይ ተነጠቀ፤ ሪንግ ውስጥ ደግሞ ሜድጎን ሲንግሱራት በሦስተኛው ዙር ዘረረው። ዕድሜው 20 ነበር፤ አጥንቱም ጡንቻውም ገና እያደገ ነው። የሚያድግን ልጅ በአምናው ልብስ ግባ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የራሱ ሰዎች ያደረጉት ነገር ነው ሰውዬውን ያዳነው። መሐል ያሉትን ሁለት ምድቦች ዘልለው በቀጥታ ወደ 55.3 ኪሎ አወጡት። በሰኔ 2001 በአጭር ጊዜ ጥሪ ላስ ቬጋስ ገብቶ ሌህሎ ሌድዋባን በስድስተኛው ዙር አሸነፈና ሁለተኛውን ምድብ ያዘ።

አሁን ኪሎ መውረድ በተግባር ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሰኞ ባቲ ገበያ ጨው አልሰው ውሃ ያስጠገቡትን በሬ እውነተኛ ሥጋ ከያዘው በዓይንዎ ይለዩ አልነበር? ቦክሰኛው የዚያን ግልባጭ ነው የሚሠራው። ለሚዛን ሲል ውሃውን ያፈሳል፣ ለግጥሚያው መልሶ ይሞላል። ይህ የሚሆነው በባለሙያዎቹ (በፕሮፌሽናሎቹ) ዘንድ ሚዛን የሚወጣው ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀድሞ ስለሆነ ነው። ድሮ የሚመዘኑት በዕለቱ ነበር።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ዝግጅት አለ፤ በዚያ ጊዜ ስቡን በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ብዙም ሳያልፉ ያወርዱታል። በመጨረሻው ሳምንት እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ ይቀንሳሉ፤ ሰውነት ያስቀመጠው አንድ ግራም ስኳር ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ጨው ያቆማሉ። ጥቂት ቀን ውሃ በብዛት ይጠጡና ድንገት ይቀንሱታል፤ ሰውነት ብዙ መሽናት ስለለመደ ውሃው ቢቀርበትም መሽናቱን ይቀጥላል። ያም ካልበቃ በመጨረሻው ሌሊት ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይም ሳውና ነው። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነው፤ ስብ ግን በአንድ ሌሊት አይሄድም። ከሚዛን ሲወርዱ ጨውና ስኳር ያለው ውሃ ቀስ እያሉ ይጎነጫሉ፣ ከዚያ ለስላሳ ሩዝ። በአንድ ትንፋሽ የሚጋተው ወይ ያስመልሰዋል ወይ ሽንት ሆኖ ይወጣበታል።

አደጋውን አልደብቅዎም። ውሃ ሲያልቅ ደም ይወፍራል፣ ልብ ያለ ልክ ይመታል፣ ላብ ሲቆም ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግለኞች ኪሎ ለመቀነስ ሲሉ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞተዋል። በቦክስ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ አጥሮት የገባ ሰው ጭንቅላቱ ላይ ምት ነው የሚቀበለው። ለዚህ ነው የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሚሉት ድርጅት ለሻምፒዮና ግጥሚያ አስቀድሞ የሚመዝነው፦ ከሰላሳ ቀን በፊት ከምድቡ ጣሪያ ከ10 በመቶ በላይ፣ ከሰባት ቀን በፊት ደግሞ ከ5 በመቶ በላይ መብለጥ አይቻልም። በ57.15 ኪሎ የሚጫወተው ሰባት ቀን ሲቀረው ከ60 ኪሎ ማለፍ የለበትም ማለት ነው።

የእኛ ልጅ ደግሞ ይህ የአንድ ቀን ፋታ እንኳ የለውም። በአማተር ውድድር የሚመዘነው ጠዋት ነው፣ የሚጫወተው በዚያው ቀን ነው፤ ካሸነፈ በሚቀጥለው የግጥሚያ ጠዋት እንደገና ሚዛን አለ። ሦስት ኪሎ ውሃ አፍስሶ የገባ ልጅ ደርቆ ይጫወታል፤ ባሸነፈ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

ወደ ፓኪያው ልመለስ፤ አወጣጡን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። በ2003 ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራን በ57 ኪሎ አሸነፈ። በመጋቢት 2008 ሁዋን ማኑዌል ማርኬዝን በ59 ኪሎ በነጥብ፣ በሰኔ ዴቪድ ዲያዝን በ61.2 ኪሎ በዝረራ ረታ። በታኅሣሥ ወር በ66.7 ኪሎ ኦስካር ዴ ላ ሆያን ገጠመ። ዴ ላ ሆያ ራሱ ከ59 እስከ 72.6 ኪሎ በስድስት ምድብ ሻምፒዮን የነበረ ትልቅ ሰው ነው፤ ለዚያ ግጥሚያ ግን ከ2001 ወዲህ ወዳልተጫወተበት ኪሎ ወረደ። ሚዛን ላይ ከፓኪያው ይበልጥ ነበር፣ ሪንግ ውስጥ ግን እጁ አልነሣለት አለ፤ ከስምንተኛው ዙር በኋላ ከወንበሩ አልተነሳም። አሜሪካዊው ቦክሰኛ ሮይ ጆንስም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 2003 በ87 ኪሎ ተኩል ገብቶ 102 ኪሎ የሚመዝነውን ጆን ሩይዝን በነጥብ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ወደ 79.4 ኪሎ ተመልሶ አንቶኒዮ ታርቨርን በጭንቅ ረታ፤ በግንቦት 2004 ሲደጋገሙ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው። መውጣቱ አልጎዳውም፤ መመለሱ ነው የጎዳው ብዬ አምናለሁ።

ፓኪያው ይዞ የወጣው እግሩንና ፍጥነቱን ነው። በ2001 አሰልጣኝ ፍሬዲ ሮችን ሲያገኝ ግራኝ ሆኖ በግራ እጁ ብቻ ይተማመን ነበር፤ ቀኙን ለዓመታት ሠሩለት። ይዞ ያልወጣው ደግሞ አለ። በኅዳር 2009 ሚጌል ኮቶን በ12ኛው ዙር ካስቆመ በኋላ እስከ ሐምሌ 2018 ድረስ ማንንም በዝረራ አላሸነፈም። ተጋጣሚው ሲተልቅ ምቱ ያንሳል። ስምንተኛውን ቀበቶም ቢሆን በ2010 ከአንቶኒዮ ማርጋሪቶ ሲወስድ የምድቡ ጣሪያ 69.85 ሆኖ ውሉ በ68 ኪሎ ነበር፤ እሱ ራሱ 65.6 ነው የመዘነው። ዛሬ ቢያንስ 17 ምድብና አራት ዋና ቀበቶ ሰጪ ድርጅት ስላለ ቀበቶ መቁጠር ቀሏል። ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1938 ሦስት ቀበቶ በአንድ ጊዜ ሲይዝ የነበሩት ስምንት ምድቦች ብቻ ናቸው፤ እኔን ከጠየቁኝ ያ ይከብዳል።

ስለዚህ አባባ፣ ልጁ በ60 ኪሎው ይጫወት። ላስቲክ ለብሶ ጦሳ ተራራን መሮጥ አይታሰብ። ረመዳንን ይጹም፣ ግን ጾሙን ኪሎ መቀነሻ አያድርገው፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውሃውን ይጠጣ። ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ አንድ ኪሎ ከጎደለው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ቀስ ብሎ ይጠጣ። ሽንቱ ሻይ ከመሰለ ያን ቀን ልምምድ የለም። እንቁላል፣ ምስርና ወተት አይጉደልበት። በሁለት ዓመት ውስጥ እየበላና እየሠራ 63 ኪሎ ከደረሰ ያኔ ምድብ ይውጣ።

አሰልጣኙን አይቆጡት፤ ለልጁ የቀለለ ተጋጣሚ ፈልጎለት ይሆናል። ቁጥር ያሳዩት። ለሰባት ቀን ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ ሲወጣ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ይመዘን፤ ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። ሰባቱንም ቁጥር በወረቀት ጽፎ ፎቶውን ይላክልኝ፤ ከዚያ እኔው ለአሰልጣኙ እደውልለታለሁ።

ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ