ስልኬን አስገቡልኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐዋሳ የምኖር የርዝመት ዝላይ አሰልጣኝ ነኝ። ጋዜጣ የማነበው ከኋላ፣ ከስፖርቱ ገጽ ጀምሬ ነው። ሰሞኑን ስለ በረዶ ሸርተቴ ዝላይ ባወጣችሁት አጭር ዜና ግን ቅር አለኝ። ማን ስንት ሜትር እንደዘለለ ነግራችሁን ዘጋችሁት። እንዴት እንደሚለማመዱ አንዲት መስመር የለችም።

«አንተን በረዶ ምን አገባህ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኛ በረዶ የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በሸርተቴ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ እሱም ቢሆን አገር አቋራጩን እንጂ ዝላዩን አልነካም። ግን ዝላይ ያው ዝላይ ነው።

በትልልቆቹ ኮረብታዎች ዘላዩ ከመንደርደሪያው ጫፍ የሚደርሰው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ከተጎነበሰበት ተስፈንጥሮ ለመነሳት ያለው ጊዜ 0.3 ሰከንድ ያህል ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ቢደቀንበት፣ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ሰውዬው ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ አልፏል። ስለዚህ ፈጣን ካሜራ ከጎን ይተክላሉ። ካሜራው ደግሞ የሚያየው የተተከለበትን ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሸርተቴው ላይና ሰውነቱ ላይ የሚታሰሩ፣ እንቅስቃሴ የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮች ይሞላሉ። አየር ላይ አንዱ ሸርተቴ ከሌላው ቀድሞ ወደ ጎን ከተከፈተ ያስታውቃል። ያው ዓይነት ሴንሰር በየኪሳችን አለ። ስልካችንን ስናጋድመው ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው በሱ ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ አላስቻለኝም። ስልኬን በነጠላ ቁራጭ አንዲት ልጅ ወገብ ላይ አሰርኩት። ሦስተኛው ዝላይ ላይ ተፈታ። ስልኩ አሸዋው ላይ ወደቀ፣ ልጅቷ ደግሞ ስልኩ ላይ። ስክሪን ለማስቀየር ስንት እንዳወጣሁ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ጋዜጣችሁን ታነባለች።

በስልኩ ከጎን መቅረጹ ግን ሠራ። በርዝመት ዝላይ እግር መዝለያው ጣውላ ላይ የሚቆየው 0.12 ሰከንድ አካባቢ ነው። በተለመደው ቀረጻ ሦስት ወይም አራት ምስል ቢገኝ ነው። በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው ስሎው ሞሽን ግን ወደ 29 ይደርሳል። ይህችው ልጅ ጣውላውን እያለፈች ቀይ ባንዲራ ይነሳባት ነበር። እኔም ሁለት ወር ሙሉ «የሩጫ መነሻሽን ወደ ኋላ አርቂ» እያልኩ አደነቆርኳት። ለካ ጥፋቱ መነሻዋ ጋ አይደለም። መጨረሻ ላይ አንገቷን ደፍታ ጣውላውን ትፈልጋለች፣ ከዚያ የመጨረሻዋን እርምጃ ትለጥጣለች። አሳየኋት። «ኮች፣ ይሄ እኔ ነኝ?» ብላ ሳቀች። ደግማ አየችው። በማግሥቱ መነሻዋን ስንዝር ሳንነካ፣ ከአምስት ዝላይ አራቱን በትክክል ተነሳች።

አሁን ወደ ብሶቴ ልምጣ። አንድ ውድድር ላይ ስልኬን ሳወጣ ጥበቃው «መቅረጽ ክልክል ነው» አለኝ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤው ከኃላፊ ወደ ኃላፊ ሲዞር ውድድሩ አለቀ። ከጎኔ ያሉት ተመልካቾች ግን ሰልፊ ሲነሱ ነው የዋሉት! በ2025 ትሮንድሄም በተካሄደው የዓለም የበረዶ ሸርተቴ ሻምፒዮና የኖርዌይ ቡድን የዝላይ ልብስ ከደንብ ውጭ ሲያሰፋ የተጋለጠው በድብቅ በተቀረጸ ቪዲዮ ነው። እነሱ ካሜራ ቢፈሩ ይገባኛል። እኛ ምን የምንደብቀው አለን? የልጅ አንገት?

የሚመለከታችሁ ክፍሎች፣ ቢያንስ አሰልጣኝ የራሱን ልጆች ይቅረጽ። እናንተም ጋዜጠኛ ብትልኩልን ደስ ይለናል። ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ስልኩን የማቆምባት የባሕር ዛፍ እንጨት ነፋስ ሲመጣ ትወዛወዛለችና፣ የሚመጣው ልጅ እጁ የማይንቀጠቀጥ ቢሆን እመርጣለሁ።

አንድ የዝላይ አሰልጣኝ
ከሐዋሳ