የእናትህ አገልግል

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ኪጋሊስ እንዴት ይዛሃለች?

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እናትህ ያረፉ ጊዜ ቀብር ላይ ነበርኩ። አንተ እንዳልደረስክ አይቼ ማታ ልደውልልህ ስልኩን አነሳሁ። ቃል አጣሁ። ነገ ስል ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ማፈር መጣ። ይቅር በለኝ።

አሁን ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው የማስተምረው። ለታራሚዎች ሒሳብና ሳይንስ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ቆሻሻው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የጠያቂ ቀን በር ላይ ብትቆም ይገባሃል። እናቶች ስንቅ ይዘው ይሰለፋሉ። ወጡ በአንድ ፌስታል፣ እንጀራው በሌላ፣ እንዳይፈስ ደግሞ በሦስተኛ ይጠቀለላል። ጥበቃው ያስፈታል፣ ያመጣው ሰው ይቀምሳል፣ ከዚያ ይገባል። ምግቡ ተበልቶ ያልቃል። ፌስታሉ ግቢው ውስጥ ይቀራል። እኔ ስመጣ ከማደሪያዎቹ ጀርባ ያቃጥሉት ነበር። ጭሱ ቀጥ ብሎ በመስኮት ይገባል። በር የተቆለፈበት ሰው ከጭስ ሸሽቶ የት ይሄዳል?

ያኔ የእናትህ አገልግል ትዝ አለኝ። ታላቅ ወንድምህ ታስሮ ሳለ እኔና አንተ እየተቀባበልን ስንቅ ስናደርስ፣ ቆዳው በፀሐይ ሞቆ እጃችንን ሲያልበን። ባዶውን ይዘን እንመለስ ነበር። እዚያ ትተነው የመጣነው አንድም ቆሻሻ አልነበረም።

ማቃጠሉን ማስቆም ብዙ ጭቅጭቅ ፈጀ። አሁን ሃይላንዱን ለይተን በጆንያ እናጠራቅማለን፣ ቆራሌው ይገዛናል። ፌስታሉን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ታራሚ በቀጭኑ ይቆርጡታል፣ ይገምዱታል፣ የጀበና ማቶት ይሠሩበታል። ቀይና ጥቁር አድርገው። አንዱን ለእኔ ሰጥተውኛል፣ ይህን ስጽፍልህ ጀበናው እሱ ላይ ነው።

የከበደን የምግብ ትርፍራፊው ነው። ጉድጓድ ቆፍረን ብስባሽ ልናዘጋጅ ሞከርን። መጀመሪያ ከሸፈብን። እንጀራና ወጥ ብቻውን ስታከማቸው ውሃ ያዝላል፣ አየር ያጣል፣ ይገማል። አይጥም ወረረን። አንድ የባሌ ገበሬ፣ እሱም ታራሚ ነው፣ «ደረቅ አልሰጣችሁትም» አለን። ገለባና ደረቅ ቅጠል በየመሃሉ እየነሰነስን፣ ላዩን በአፈር እየሸፈንን፣ በየጊዜው ማገላበጥ ጀመርን። አንድ ቀን በጠዋት ሲገለብጡት እንፋሎት ወጣው። እጄን ሰደድኩ፤ ያቃጥላል። ልጆቹ እየተጋፉ እጃቸውን ከተቱ። እዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ዘንድሮ ጎመኑን በዚያ አፈር ነው ያበቀልነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሁለት ነገር አንቆናል፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ቶሎ ቶሎ ይሞላል፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ማገዶ ይበላል። አንተ ያለህበት አገር፣ ሩዋንዳ፣ ለሁለቱም አንድ መላ አግኝቷል። በፈረንጆቹ 2001 የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መሐንዲሶች ሲያንጉጉ እስር ቤት ባዮጋዝ ሠሩ። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ከመሬት በታች ወዳለ ጉልላት ይገባል። አየር በሌለበት ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል፣ ጋዙ በቧንቧ ወጥ ቤት ይደርሳል። የተረፈው ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። ግንባታው ላይ እስረኞቹም ሠርተዋል፣ ሙያም ቀስመዋል። የማገዶ ፍጆታው በግማሽ ገደማ ወረደ። ኢንስቲትዩቱ በ2005 በዚሁ ሥራ ለታዳሽ ኃይል ሥራዎች የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አገኘ። ይህን ሳነብ አንተ እዚያው መኖርህ ደስ አለኝ።

አንተ የግንባታ ሰው ነህ። ከቻልክ ሄደህ አንዱን እይልኝ። ጉልላቱ ውሃ እንዳያሳልፍ በምን እንደለሰኑት፣ ጋዙ ወጥ ቤት እስኪደርስ ቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በምን እንደሚያወጡት ጠይቅልኝ። ከዓመታት በኋላ ምኑ እንደተበላሸና ማን እንደሚጠግነው ደግሞ አደራ። እኛ ጋ አንዴ ተሠርቶ የቆመ ነገር ብዙ ነው፤ ይህ እንዲቆም አልፈልግም። ግንበኛና አናጢ አለን፣ ሁሉም ታራሚዎች ናቸው። የጎደለን ንድፉን የሚያነብልን ሰው ነው።

አገልግሉ እህትህ ጋ አለ። ቆዳው ደረቅ ብሏል እንጂ ማሰሪያው ደህና ነው። ስትመጣ አብረን ቅቤ እንቀባዋለን። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ማታ ማታ ደውል።

የልጅነት ጓደኛህ