ሁለተኛ ስለ መውጣት፦ ደብዳቤ ለልጄ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ፈተናሽን በሰላም እንድትጨርሺ በየቀኑ ትጸልያለች።

ባለፈው ስንደዋወል «አባዬ፣ አርሰናልን መደገፍ ሰለቸኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ!» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። የስልክ ወሬ የሚበቃው ነገር አይደለምና ልጻፍልሽ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

በ2023 84 ነጥብ፣ በ2024 89 ነጥብ፣ ዘንድሮ 74። እኔን ከሁሉም የሚቆጨኝ የ89ኙ ነው፤ ማንችስተር ሲቲ በ91 ቀደመን። ግን እስኪ አስቢው፦ በ2004 አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 26 አሸንፎ 12 አቻ ወጥቶ ዋንጫውን ሲወስድ የሰበሰበው 90 ነጥብ ነበር። ሌስተር ሲቲ በ2016 ሻምፒዮን የሆነው በ81 ነው፤ ያኔም ሁለተኛ የወጣነው እኛ ነን፣ በ71። ያው ሌስተር ዘንድሮ 25 ነጥብ ይዞ ወረደ። ስለዚህ ሰንጠረዡን ስታዪ ዓይንሽ አናቱ ላይ ብቻ አይቅር፤ እስከ ታች ውረጂ።

ሰባተኛ ላይ ኖቲንግሃም ፎረስትን ታገኛለሽ። ይህን ክለብ አክብሪልኝ፤ የምትወጂው ቀይ ማሊያ የመጣው ከእነሱ ነው። በ1886 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ዉልዊች በሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ቡድን ሲያቋቁሙ ከመካከላቸው ቀድሞ ፎረስት የተጫወቱ ነበሩና ፎረስት ማሊያና ኳስ ላከላቸው። ፎረስት ራሱ ከታችኛው ዲቪዚዮን ባደገ በዓመቱ፣ በ1978፣ በብራያን ክላፍ አሰልጣኝነት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1979 እና በ1980 ደግሞ የአውሮፓን ዋንጫ ደጋግሞ ወሰደ። በ2005 ሦስተኛው ዲቪዚዮን ድረስ ወረደ። ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሰው ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያልከዱት ደጋፊዎቹ በጣም ያስቀኑኛል።

የእኛም ክለብ ታች ያለውን ያውቀዋል። በ1913 ከ38 ጨዋታ ሦስት ብቻ አሸንፎ መጨረሻ ሆኖ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ዉልዊችን ለቅቆ ሰሜን ለንደን፣ ሃይበሪ ገባ። አመላለሱን ደግሞ ሳልሸፍን ልንገርሽ። በ1919 አንደኛው ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለብ ሲሰፋ፣ ከጦርነቱ በፊት በሁለተኛው ዲቪዚዮን አምስተኛ ወጥቶ የነበረው አርሰናል በድምፅ ብልጫ፣ 18 ለ8፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን የነበረውን የቶተንሃምን ቦታ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም። ቶተንሃሞች ዛሬም ያንን ያነሳሉ፤ እውነት አላቸው እላለሁ። ክለብሽን ስትወጂ ይህንንም ጨምረሽ እወቂ።

ግን ስለ ሁለተኛነት ከተነሳ፣ ከሁሉም በላይ እንድታውቂልኝ የምፈልገው ግንቦት 1989ን ነው። በሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች ካለቁበት አደጋ በኋላ የተራዘመው የሊቨርፑልና የአርሰናል ጨዋታ የዓመቱ መዝጊያ ሆነ። አርሰናል ሁለተኛ ነው፣ በ3 ነጥብ ተበልጧል፤ ዋንጫውን የሚያገኘው በሊቨርፑል ሜዳ፣ አንፊልድ ላይ በሁለት ጎል ልዩነት ካሸነፈ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ አበባ ይዘው ገቡና ለሐዘንተኛው ሕዝብ ሰጡ። በ52ኛው ደቂቃ አላን ስሚዝ በጭንቅላቱ አገባ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ፤ ዘጠና ደቂቃው ሞላ። በባከነ ሰዓት ማይክል ቶማስ ብቻውን ሰብሮ ገባና ሁለተኛዋን አስቆጠረ። ሁለቱም ክለቦች 76 ነጥብ፣ የግብ ክፍያቸውም እኩል 37 ሆነ! የለያቸው ያገባው ጎል ብዛት ነው፤ አርሰናል 73፣ ሊቨርፑል 65። አርሰናል ሻምፒዮን ሲሆን ከ1971 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ያን ሌሊት ምን እንደተሰማው ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

የሴቶቹንስ ቡድን አየሽ? በእንግሊዝ ሊግ ዘንድሮ እነሱም ሁለተኛ ናቸው፤ ቼልሲ ቀደማቸው። ግንቦት 16 ግን ሊዝበን ላይ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደውን ባርሴሎናን 1 ለ0 አሸንፈው የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኑ። የተነሱት ከመጀመሪያው የማጣሪያ ዙር ነው። ተቀይራ የገባችው ስዊድናዊቷ ስቲና ብላክስቴኒየስ ስታገባ ብድግ ብዬ ጮህኩ፤ አንቺ አጠገቤ ስላልነበርሽ ደስታዬ ጎደለ።

የቀጣዩ ዓመት መርሐ ግብር ወጥቷል። ነሐሴ 11፣ እሑድ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር እንጀምራለን። አጎትሽ ዩናይትድ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ቤታችን እንዲመጣ ከአሁኑ ነግሬዋለሁ። አንቺም ያን ጊዜ ክረምቱን ከእኛ ጋር ስለምትሆኚ አብረን እናየዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ