ስማቸው ስለተጻፈ ላኪዋ እሳቸው ናቸው ማለት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ውሎዬ ከጅቡቲ በሚመጡ ኢንቮይሶች፣ ፓኪንግ ሊስቶችና ኢሜይሎች መሀል ነው። እዚህ ሥራ ላይ ያለን አስመጪዎችና ትራንዚተሮች የምንወያይበት የኢሜይል ቡድን አለን። ወደ አንድ አድራሻ የተላከ መልእክት ለሁላችንም ይደርሳል። በቅርቡ እዚያ የተፈጸመው ነገር ስላንገበገበኝ ነው ይህን የምጽፈው።

በአንዲት ነጋዴ ስም መልእክት መጣ። ብዙ ዓመት የነገዱ፣ ለብዙዎቻችን እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ ቀሪ ክፍያ ያለባችሁ በአዲሱ ቁጥር አስገቡ» ይላል። ደግነቱ አንድ ደንበኛቸው ደወለላቸው። «እትዬ፣ ይሄ ቁጥር የእርስዎ ነው?» ሲላቸው ነገሩ ተነቃ። ብር ያስገባ ሰው የለም። ግን «እኔ አልላክሁም» ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። ሌባ ተባሉ። ከቡድኑ ተሰረዙ። ድሬ ደግሞ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ወሬው ከከዚራ ተነስቶ ሳቢያን ለመድረስ አንድ በርጫ እንኳ አልፈጀበትም። ዕቃ በዱቤ ይሰጧቸው የነበሩ ሰዎች ዛሬ «ካሽ ካልሆነ» ይሏቸዋል።

ማስረጃው ምን ነበር? መልእክቱ ላይ ያለው የላኪ ስም። ሌላ ምንም።

የላኪ ስም ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ኢሜይል ከሰርቨር (መልእክት ተቀብሎ ከሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ላኪው ማን እንደሆነ የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። በኔትወርኩ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ስለነበሩ መተማመን ነበር። የላኪን ስም የሚሞላው ላኪው ራሱ ነው። የፈለገውን ይሞላል።

እኛ ቢሮ ያለ አንድ ልጅ መልእክቱን አላጠፋውም ነበር። ኮምፒውተር ላይ በጂሜይል ከፈትነውና ሦስቱን ነጥቦች ነክተን «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን መረጥን። በስልክ የጂሜይል አፕ ላይ ይህ ምርጫ የለም፤ በብሮውዘር መክፈት ያስፈልጋል። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ መስመሮች ተሞላ። ሄደር የሚባለው፣ የመልእክቱ የጉዞ መዝገብ፣ ይኸው ነው። ሲያዩት ያስፈራል እንጂ የሚፈለገው ጥቂት መስመር ነው።

«ሪሲቭድ» ብለው የሚጀምሩትን ፈልጉ። መልእክቱ ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን መስመር ከላይ ይጨምራል። ስለዚህ መንገዱ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ከጅቡቲ በደወሌ በኩል የሚገባ ሹፌር የያዘውን ወረቀት አስቡት። በየኬላው ማኅተም ይመታበታል። የቀደሙትን ማኅተሞች ሹፌሩ ራሱ አስመስሎ አሠርቷቸው ሊሆን ይችላል። እኛ መጋዘን በር ላይ የመታነው ግን የራሳችን ነው። ስፓም (ያልተፈለገ የጅምላ መልእክት) ላኪም ከታች የውሸት መስመሮችን ደርድሮ ይልካል። የቡድናችን ሰርቨር ከውጭ ሲቀበል የጻፈውን መስመር ግን ሊነካው አይችልም። እዚያ መስመር ላይ ላኪው ማሽን «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የተናገረው ስም አለ፤ እሱን እርሱት። በቅንፍ ውስጥ ያለውን አይፒ አድራሻ፣ ማሽኑ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ያዙ። እሱን የሚመዘግበው ተቀባዩ ሰርቨር ስለሆነ ማስመሰል በጣም ይከብዳል።

ከዚያ የእኚህን እናት የድሮ፣ እውነተኛ መልእክት አውጥተን ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ ታየ። የድሮው ሁሌ ከሚጠቀሙበት የኢሜይል ድርጅት ሰርቨር የመጣ ነው። አዲሱ ያንን ሰርቨር ጭራሽ አልረገጠውም፤ አይፒው የውጭ አገር የሰርቨር ኪራይ ድርጅት ሆኖ ተገኘ። ላኪ በሚለው ቦታ ላይ አድራሻቸው አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ተቀምጧል። «ሪፕላይ ቱ» በሚለው ላይ ግን ማንም የማያውቀው ሌላ አድራሻ አለ። መልስ የሰጠ ሁሉ የሚጽፈው ለሌባው ነበር። ሰዓቱም ሌላ ጉድ ነው። ሄደሩን አይቻለሁ ያለ አንድ ሰው «23:40 ይላል፤ ያን ማታ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ኦንላይን ነበሩ» ብሎ ሲምል ነበር። ከሰዓቱ ጎን +0000 የሚል አለ፤ የግሪንዊች ሰዓት ነው ማለት ነው፣ እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድመዋለን። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ገጹ አናት ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ከሚሉት፣ መልእክቱ ከተባለው አድራሻ መምጣቱን ከሚያጣሩ ሦስት ምርመራዎች፣ ፊት «ፓስ» ወይም «ፌይል» ተጽፎ ይገኛል። እሱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የቡድን ሰርቨር ርዕሱ ላይ የቡድኑን ስም ወይም ግርጌው ላይ ማስታወሻ ሲጨምር የእውነተኛ ላኪም ዲኪም ፊርማ ይበላሻል። በተቃራኒው ሌባ የሰውን አካውንት ሰብሮ ከገባ ሁሉም «ፓስ» ይላል፤ የአካውንቱ ባለቤት ግን ምንም አላደረገም። አይፒ አድራሻውም ቢሆን ቫይረስ የገባበት የሌላ ምስኪን ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል።

በውይይት ቡድኖች ላይ ስፓም በገፍ የተለቀቀበት ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው፤ በዲቪ ነው የጀመረው ማለት ይቻላል። በሚያዝያ 1994 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የአሪዞና ጠበቆች የግሪን ካርድ ሎተሪ እናስሞላ የሚል ማስታወቂያ ዩዝኔት በተባለው መረብ ላይ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቡድኖች ለቀቁ። እነሱ ስማቸውን አልደበቁም፤ ቁጣውም በራሳቸው ላይ ወረደ። በኋላ የመጡት ግን ቁጣው ወደ ሌላ እንዲሄድ ማድረግ ተማሩ። በ1997 ጆ ዶል የተባለ አሜሪካዊ፣ ለሰዎች ነፃ ድረ ገጽ የሚሰጥ፣ ስፓም የላከ ተጠቃሚውን አባረረ። ሰውዬው ተበቀለው። የመልስ አድራሻውን የጆ አድርጎ ስፓም ረጨ። ተቀባዮቹ ጆ ላይ ዘመቱበትና ድረ ገጹን ጣሉበት። ያን ቀን የበቀለኛውን ሥራ የሠሩለት ሐቀኛ ሰዎች ናቸው፤ ስፓም ስላስቆጣቸው ብቻ። እኛም በእኚህ እናት ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

እውነተኛውን ላኪ ማግኘት የሚችለው የሰርቨር መዝገብ የማስከፈት ሥልጣን ያለው አካል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን። በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርንና የማንነት ስርቆትን ወንጀል ያደርጋል። አገልግሎት ሰጪዎችም የትራፊክ ዳታ (መልእክት ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደሄደ የሚያሳይ መዝገብ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ስለዚህ ቶሎ ማመልከት ይገባል። የሚያመለክት ሰው ይዞ የሚሄደው ደግሞ ኦሪጅናሉን መልእክት ነው። ስክሪንሹት ላይ ሄደር የለም። ፎርዋርድ ሲደረግም የመጀመሪያው ሄደር ይቀራል፤ የአስተላላፊው ነው የሚመጣው። ከ«ሾው ኦሪጅናል» ገጽ ላይ «ዳውንሎድ» ብላችሁ ፋይሉን አስቀምጡ። እኛ ቡድን ውስጥ አብዛኛው ሰው በንዴት አጥፍቶታል። አንዱ ልጅ ባያስቀምጠው ኖሮ እኚህ ሴት ሌባ እንደተባሉ ይቀሩ ነበር።

በራሳችሁ ዶሜይን (በድርጅታችሁ ስም በተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ) ኢሜይል የምትጠቀሙ ድርጅቶች፣ ዶሜይኑን ያዘጋጀላችሁን ባለሙያ ዲማርክ መኖሩን ጠይቁት። ካለም «ሪጀክት» ላይ መሆኑን ያረጋግጥላችሁ። በስማችሁ የተፈበረከውን ተቀባዩ ሰርቨር በር ላይ እንዲመልሰው የሚያዝ ነው። የሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ደውሉ፤ መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ በያዛችሁት።

የቡድናችን አስተዳዳሪዎች ይህን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ሁለቱን ሄደሮች አትመን ልከንላችኋል፣ መልስ ግን የለም። እኚህን እናት ወደ ቡድኑ መልሷቸው። «ሌባ» የሚለው ቃል ለሁሉም አባል በጽሑፍ ነው የተላከው። ይቅርታውም በጽሑፍ ለሁሉም አባል ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትራንዚት ቢሮ ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ