ማይክሮዋን ማን ሚሊ አደረጋት?

ውድ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። እንጀራዬ ሰንጠረዥ ነው፤ ከጣና የሚመጣውን የውሃና የአሳ መረጃ ሳስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተንትኜ ሪፖርት አወጣለሁ። ጋዜጣችሁ ስለ ሐይቁ ሲጽፍም ከቁጥሮቹ በፊት ግርጌያቸውን ነው የማነበው። አመል ሆኖብኛል።

በቅርቡ አንድ ሪፖርት ታትሞ እጄ ገባ። ሰንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። በግርጌ ማስታወሻው ላይ የአልጌው መጠን በሊትር ማይክሮግራም መሆኑን በምልክት ጽፌ ነበር። ፕሮግራሜን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስኬዱት። የማይክሮዋ ምልክት ጠፋችና ጥያቄ ምልክት ሆነች። አንድ ደግ ሰው ደግሞ "ሚሊ ለማለት ነው" ብሎ አረመው። አንድ ሺህ እጥፍ! ጣና በአንድ ጀንበር የጎመን ወጥ ሆነ።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ሳስ በድሮው የምዕራባውያን ኢንኮዲንግ (ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር የሚሰጥበት ሰንጠረዥ) ከተከፈተ የፊደልና የምልክት ቦታው 256 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የለም። የግሪክ ፊደላትም የሉም። የማያውቀውን ወይ ጥያቄ ምልክት ወይ ዝብርቅርቅ ያደርገዋል። ማይክሮ ደግሞ ጉደኛ ናት። የዓለምን ፊደላት በአንድ ላይ በሚይዘው ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ሁለት ቦታ ተመዝግባለች፤ አንዴ እንደ መለኪያ ምልክት፣ አንዴ እንደ ግሪክ ፊደል። በዓይን አይለዩም፤ የድሮው ኢንኮዲንግ ግን የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የሚያውቀው። መፍትሔው ሳስን ገና ሲከፍቱት በዩኒኮድ ማስነሳት ነው። መሃል ላይ ልቀይር ቢሉት እሺ አይልም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም በጥያቄ ምልክት መታተማችን ያናድዳል።

ሌላው የኢታሊክ ጣጣ ነው። የቀረሶና የአምባዛ ሳይንሳዊ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ዘመም ማለት አለባቸው። ብዙ ሰው ሰንጠረዡን ወርድ ላይ ይለጥፍና ስሞቹን አንድ በአንድ በማውስ ያጋድማል። ነገ አዲስ መረጃ ይመጣል። ሰንጠረዡ እንደገና ይወጣል። የተጋደመው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከስኩዌር ሜትር ራስ ላይ የነበረችው 2 ወርዳ ከጎን ትቀመጣለች። በሉ እንግዲህ፣ ከአንድ ጀምሩ!

ሳስ እኮ ኦዲኤስ ኤስኬፕካር የሚባል ትእዛዝ አለው። ጽሑፉ ውስጥ የማይገባ አንድ ምልክት ትመርጣላችሁ። ከዚያ ግርጌው ላይ ያቺን ምልክት አስቀድማችሁ "ይቺን ቃል አጋድም፣ ይቺን ቁጥር ከፍ አድርግ" ትሉታላችሁ። አንዴ ከተጻፈ ሰንጠረዡ ስንቴ ቢወጣ አይጠፋም። (ግርጌ ካልሰረዙት ወደሚቀጥለው ሰንጠረዥ እንደሚሻገርም ልብ በሉ። የአሳ ግርጌ በዝናብ ሰንጠረዥ ሥር ተቀምጦ አይቻለሁ።)

ታዲያ ይህን የተማሩ አንዳንድ ልጆች ሙሉውን ግርጌ፣ አማርኛውን ጭምር፣ ያጋድሙታል። እባካችሁ! ለፊደላችን ኢታሊክ ወጉ አይደለም። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ በትንንሽ ጽሕፈት ደግሞ ሉ እና ሊ ይምታታሉ። የጣና ገዳማትን ብራናዎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ጸሐፊዎቹ የከበረውን ስም የሚለዩት በቀይ ቀለም ነው እንጂ በማጋደም አይደለም። በዚያው ትእዛዝ ቀለም መቀየርም፣ ማድመቅም ይቻላል።

የተመራቂዎችን ጥናት ለምታማክሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው የወርድ ፋይሉን ብቻ ሲያመጣ አትቀበሉት። ፕሮግራሙን ጠይቁት፤ ፊታችሁ ያስኪደው፤ ግርጌው ሳይነካካ በትክክል ይውጣ። ለእናንተም ለጋዜጣው ሰዎች፦ ሰንጠረዥ ስታትሙ ቦታ ጠበበን ብላችሁ ግርጌውን አትቁረጡ። ከጠበበ አርእስቱን አሳጥሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የመረጃ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር