ወረቀት የለጠፈችው ወራሽ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ሊሊያን ቤታንኩር የሚጻፈው ሁሉ «የዓለም ሀብታሟ ሴት» ብሎ ማለፉ ያሳዝነኛል። እናታቸው የሞቱባቸው ገና በ5 ዓመታቸው ነው። አባታቸው ዩጂን ሹለር በ1909 እ.ኤ.አ. በመሠረቱት የፈረንሳይ የመዋቢያ ኩባንያ ሎሪያል ደግሞ በ15 ዓመታቸው ተለማማጅ ሆነው ገብተው ጠርሙስ ላይ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። የባለቤቱ አንድያ ልጅ እኮ ናቸው! በ1957 ኩባንያውን ወረሱ፤ በ1974 ከድርሻቸው ግማሽ ያህሉን በምግብ አምራቹ ኩባንያ በኔስሌ አክሲዮን ለወጡ። ለእኔ ይህ የታሰበበት ውሳኔ እንጂ ዕድል ብቻ አይደለም።

በስተርጅና ያው ሀብት ከአንዲት ልጃቸው ጋር ፍርድ ቤት አቆማቸው። ይህንንም ሳስብ ሆዴ ይባባል። በ2011 ንብረታቸው በቤተሰብ ሞግዚትነት ሥር ሆነ፤ በ2017 በ94 ዓመታቸው አረፉ።

እባካችሁ፣ ስለ እሳቸው ስትጽፉ ያቺን ወረቀት ለጣፊ ልጅም አንሷት።

አክባሪ አንባቢያችሁ